ጥቆማ፦ ነጻ የሆነ፣ ገመናም የሚሸፍን ኢሜይል

ባለፈው እሑድ አንድ ጎረቤቴ ደረጃ ላይ አስቆመኝ። «የሰው ጓዳ የማያይ ኢሜይል የትኛው ነው? ብር ግን አልከፍልም» አለኝ። እሱም ሁለት ጀሪካን ይዟል፣ እኔም ሁለት። ቱሉ ዲምቱ ውሃ የመጣ ቀን አራተኛ ፎቅ የሚኖር ሰው ረጅም ወሬ አያወራም። «ጽፌ እልክልሃለሁ» ብዬው ተለያየን። ስጽፈው ረዘመ። ሌላውንም ሰው ይጠቅም ይሆናል ብዬ ለሁላችሁም አደረግኩት።

የቸኮለ ሰው መልሱን ይውሰድና ይሂድ፦ ፕሮቶን ሜይል። ምክንያቱን የሚፈልግ፣ በተለይ ደግሞ ኢሜይሉን ኮፒ ቤት ያስከፈተ ሰው ይቀጥል።

አዎ፣ ከኮፒ ቤት ነው የምጀምረው። የእኛ ሰፈር ሰው ኢሜይል የሚከፍተው ቤቱ ቁጭ ብሎ አይደለም። ለፓስፖርት ወይም ለሥራ ማመልከቻ ሲጠየቅ ነው ትዝ የሚለው። ያኔ ብሎኩ ሥር ወዳለው ሱቅ ይወርዳል። በሩ ላይ «ጽሕፈት፣ ፎቶ ኮፒ፣ ላሚኔሽን፣ ዲቪ እንሞላለን» የሚል ተለጥፏል። ልጁ ስም ይጠይቃል፣ ታ ታ ታ ያደርጋል። አለቀ። ኢሜይል አለህ።

የእህቴም የተከፈተው እንዲሁ ነው። ኮሌጅ ጨርሳ ሥራ ስታፈላልግ ስሙን የማልጠራው አንድ ኮፒ ቤት ገባች። አብሬያት ነበርኩ። ልጁ ፊት አንድ ባለ ካሬ ደብተር አለ። በግራ የደንበኛው ስም፣ በቀኝ ፓስዎርዱ። የእሷ ስሟና 1234 ሆነ። ከእሷ በላይ ያለው ሰውዬም ስሙና 1234 ነው። ከሱ በላይ ያለችውም። ደብተሩ ባንኮኒው ላይ ተከፍቶ ይውላል፤ ኮፒ የሚጠብቅ ሰው ክርኑን አስደግፎበት ነው የሚቆመው። ሀገራችን የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አላት። ደብተሩ ግን አዋጁ የደረሰው አይመስልም።

ጉዱ የመጣው ግን በፓስዎርዱ አልነበረም። አካውንቱ ማረጋገጫ ስልክ ሲጠይቅ ልጁ የራሱን ቁጥር አስገብቶ ነበር። ክፋት የለውም፣ ሥራ ለማፋጠን ነው። ከአምስት ወር በኋላ እህቴ ስልክ ቀየረች። ልትገባ ስትል «ኮድ ልከናል» አላት። ኮዱ የሄደው ልጁ ጋ ነው። ልጁ ሥራውን ለቆ ክፍለ ሀገር ገብቷል፣ ቁጥሩም ዝግ ነው። ለፈተና የጠራት መሥሪያ ቤት ጥሪውን የላከው በዚያው ኢሜይል ነበር። የሰማችው ቀኑ ካለፈ በኋላ ከጓደኛዋ ነው።

ስለዚህ «የማይሰልል» ስትሉኝ መጀመሪያ የምጠይቃችሁ ስለ ፈረንጅ ኩባንያ አይደለም። ኢሜይላችሁን ማን ከፈተላችሁ? ኮዱ በማን ስልክ ይመጣል? መልሱ «እኔ እንጃ» ከሆነ፣ ሌላውን ከማንበባችሁ በፊት ገብታችሁ ቁጥሩን በራሳችሁ ቀይሩ። የራሳችሁም ቢሆን ያልዘጋችሁት መስመር ይሁን። ለረጅም ጊዜ ካርድ ያልተሞላለት ቁጥር ተዘግቶ ለሌላ ሰው ይሰጣል፤ ኮዳችሁም አብሮት ይሄዳል።

አሁን ወደ ዕቃው እንግባ።

ጂሜይልን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። 15 ጊጋባይት ይሰጣል፣ ቦታው ግን ከድራይቭና ከፎቶ ጋር የጋራ ነው። አጭበርባሪ መልእክት በማጣራት ጎበዝ ነው። «ጉግል ደብዳቤዬን አንብቦ ማስታወቂያ ያሳየኛል» የሚባለው ነገር በአንድ ወቅት እውነት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 ማስታወቂያ ለመምረጥ ብሎ የደብዳቤ ይዘት መቃኘቱን እንደሚያቆም አስታወቀ። አንድ ነገር ግን አልተቀየረም፦ ደብዳቤው የተቆለፈው ጉግል እጅ ባለ ቁልፍ ነው። የአውሮፕላን ትኬት ሲመጣላችሁ ቀኑ ራሱ ካላንደር ላይ ሄዶ ሲቀመጥ አይታችሁ ይሆናል። ማሽኑ ደብዳቤውን ካላየው ይህ አይሆንም። በዚያ ላይ ፍለጋው፣ ካርታው፣ ዩቲዩቡ በአንድ አካውንት ነው። የምትሄዱበትን ክሊኒክ፣ የምታመለክቱበትን መሥሪያ ቤት፣ ማታ የምታዩትን ቪዲዮ ሁሉ በአንድነት ያውቀዋል። እኔም አለኝ፣ ለስልኬ እጠቀምበታለሁ። ገመናዬን ግን አላስቀምጥበትም።

ያሁ ያላችሁ ታላላቆቻችን አትቀየሙኝ። አጎቴ ፒያሳ ኢንተርኔት ቤት በደቂቃ እየከፈለ የከፈተውን ያሁ እስከ ዛሬ እንደ ልደት ካርድ ይጠብቀዋል። እ.ኤ.አ. በ2013 ያሁ ተሰብሮ ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ ኩባንያው የተነካው 3 ቢሊዮን አካውንት፣ ማለትም ያኔ የነበረው በሙሉ እንደሆነ አመነ። በዚያን ጊዜ ያሁ ከነበራችሁ እናንተም አላችሁበት። ያንን የድሮ ፓስዎርድ ዛሬም ሌላ ቦታ የምትጠቀሙበት ካላችሁ፣ ይህን አቁሙና ቀይሩት። እጠብቃለሁ።

ፕሮቶን ሜይል የስዊዘርላንድ ነው፣ መቀመጫው ጄኔቫ። የጀመሩት ሴርን በሚባለው ትልቅ የፊዚክስ ምርምር ማዕከል የተገናኙ ሳይንቲስቶች ናቸው፤ ለሕዝብ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። ማስታወቂያ የለውም። ወጪውን የሚሸፍኑት የሚከፍሉት ደንበኞች ናቸው፣ እኛ በነሱ ጥላ ሥር ነን። ዋናው ልዩነቱ ቁልፉ ላይ ነው። ሳጥናችሁ የሚከፈተው እናንተ ስልክ ላይ፣ በእናንተ ፓስዎርድ ነው። ኩባንያው ጋ ያለው የተቆለፈው ሳጥን ነው፣ ቢፈልግም ደብዳቤውን ከፍቶ አያነብም።

ይህ ግን ተአምር አይደለም። ሁለት የፕሮቶን ሰዎች ሲጻጻፉ ደብዳቤው ከጫፍ እስከ ጫፍ እንደተቆለፈ ይሄዳል። ከፕሮቶን ወደ ጂሜይል ስትልኩ ግን ተቀባዩ ጋ ያለው ቅጂ እንደማንኛውም ደብዳቤ ጉግል ቤት ይቀመጣል። እዚህ ሰፈር የምትጽፉለት ሰው ከአሥሩ ዘጠኙ ጂሜይል ነውና ይህን እወቁት። ርዕሱም፣ ማለትም ከላይ የምትጽፏት መስመር፣ ሁለት የፕሮቶን ሰዎች ቢጻጻፉም ከጫፍ እስከ ጫፍ አይቆለፍም። «የምርመራ ውጤቴ» ብላችሁ ርዕስ አትስጡ። «ሰላም» በቂ ነው።

ለውጭ ሰው በፓስዎርድ የተቆለፈ ደብዳቤ መላክም ይቻላል። ተቀባዩ ሊንኩን ይከፍትና በስልክ የነገራችሁትን ቃል ያስገባል። ለወንድም፣ ለጠበቃ ጥሩ ነው። ለሥራ ማመልከቻ ግን አደራ! ሦስት መቶ ሲቪ የሚያይ የሰው ኃይል ሠራተኛ የእናንተን ፓስዎርድ ሲጠይቅ አይውልም።

የነጻው ልክ ይህ ነው፦ አንድ አድራሻ፣ በቀን 150 መልእክት፣ ቦታው በ500 ሜጋባይት ጀምሮ ጥቂት የማዋቀሪያ ሥራዎችን ስትጨርሱ 1 ጊጋባይት ይደርሳል። ትንሽ ነው። ለጽሑፍና ለሲቪ ይበቃል፣ የሠርግ ፎቶ ማከማቻ ግን አይሆንም። አንድ ዓመት ሙሉ ካልገባችሁበት ደግሞ ሊሰርዘው ይችላል።

አንድ ወዳጄ «ፕሮቶን ሰው አሳልፎ ሰጥቷል» ብሎ ሞገተኝ። እውነቱን ነው፣ ታሪኩ ግን እስከ መጨረሻው ይነገር። እ.ኤ.አ. በ2021 በስዊዘርላንድ ባለሥልጣናት ትእዛዝ የአንድ ፈረንሳዊ የአየር ንብረት ተሟጋች የኢንተርኔት አድራሻ፣ አይፒ የሚሉትን፣ መዝግቦ ሰጥቷል። የደብዳቤዎቹን ይዘት አልሰጠም፣ ቁልፉ እሱ ጋ የለምና። ከዚህ የምንማረው አገልግሎቱ ምን እንደሚሸጥ ነው። የጻፋችሁትን ይሸፍናል። እናንተን ራሳችሁን ከነማንነታችሁ መሰወር ሌላ ሥራ ነው።

ቱታ ሁለተኛ ምርጫዬ ነው። የጀርመን ነው፣ ከሃኖቨር። ቀድሞ ቱታኖታ ይባል ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ2023 ስሙን አሳጠረ። ከፕሮቶን የሚበልጥበት ነገር አለው፣ ርዕሱንም ይቆልፋል። ስልክ ቁጥርም አይጠይቅም። ለእህቴ ታሪክ መድኃኒቱ ይሄ ነበር ማለት ነው። ነጻው 1 ጊጋባይት ነው። ታዲያ ለምን ሁለተኛ አደረግኩት? በስድስት ወር ምክንያት። ነጻ አካውንት ስድስት ወር ካልተከፈተ ይሰረዛል። እኛ ሰፈር ኢሜይል የሚከፈተው ጉዳይ ሲኖር ነው፣ ጉዳይ ደግሞ ዓመት ሊቆይ ይችላል። በየሳምንቱ ለሚገባ ሰው ግን ቱታን ያለ ማመንታት እጠቁማለሁ። ሌላው፣ አዲስ አካውንት አንዳንዴ እስኪጸድቅ እስከ 48 ሰዓት ያስጠብቃል። ማመልከቻው ዛሬ ማታ የሚዘጋ ከሆነ በቱታ አትጀምሩ።

ሌሎቹን በአጭሩ። ፖስቴዎ ጥሩ ስም አለው፣ የበርሊን ነው፣ ግን በወር 1 ዩሮ ያስከፍላል። ዩሮው ትንሽ ነው፤ ከዚህ ሆኖ መላኩ ነው ጣጣው። ዲስሩት የሚባል በበጎ ፈቃደኞችና በመዋጮ የሚሠራ የሆላንድ አገልግሎት አለ። ነጻ ነው፣ ሐሳቡም ደስ ይላል፣ ግን አካውንት የሚጸድቀው በሰው እጅ ስለሆነ ትዕግሥት ላለው ነው። ዞሆ የሚባለውን ኢሜይል የጠየቃችሁኝ ባለሱቆች፣ ለድርጅት የሚሆነው ነጻው የሚሠራው የራሳችሁ ዶሜይን፣ ማለትም የራሳችሁ የድረ ገጽ ስም፣ ሲኖራችሁ ነው፣ ለዛሬው ጥያቄ አይመጥንም።

ከታች የሰበሰብኳቸው ጥያቄዎች ናቸው።

«ጂሜይሌን ልዝጋው?» አትዝጉት። ባንኩም፣ ትምህርት ቤቱም የሚያውቀው እሱን ነው። ፎርዋርድ አድርጉትና የሚመጣው ሁሉ ወደ አዲሱ ይለፍ። ከዚያ በየጊዜው አንድ አንድ ቦታ አድራሻችሁን እየቀየራችሁ ሂዱ። እኔ ስድስት ወር ገደማ ፈጀብኝ፣ አሁንም በድሮው የሚጽፍልኝ አንድ ዕድር አለ።

«ጂሜይል አፕ ላይ ፕሮቶንን መክፈት እችላለሁ?» አይቻልም። የራሱን አፕ አውርዱ ወይም በብራውዘር ግቡ። ቱታ ደግሞ ከፍላችሁም በራሱ አፕና በብራውዘር ብቻ ነው።

«ኮምፒውተር የለኝም፣ ኮፒ ቤት ነው የምገባው።» ግቡ፣ ችግር የለም። መክፈቱን ግን በስልካችሁ ራሳችሁ ጨርሱ፣ ኮፒ ቤቱን ለማተም ብቻ ተጠቀሙበት። እዚያው መግባት ግድ ከሆነ ብራውዘሩን በስውር መስኮት አስከፍቱ፣ «ፓስዎርድ ላስቀምጥ?» ሲል እንቢ በሉ፣ ስትነሱ ሎግ አውት አድርጉ። መብራት በመሀል ቢጠፋና ሳትወጡ ብትሄዱስ? ማታ በስልካችሁ ገብታችሁ ሴቲንግ ውስጥ የተከፈቱትን መግቢያዎች በሙሉ ዝጉ። ጂሜይልም፣ ፕሮቶንም፣ ቱታም ላይ ይቻላል።

«ፓስዎርድ ብረሳስ?» እዚህ ላይ ጆሮ ስጡኝ። ቁልፉ እናንተ ጋ ብቻ ነው ማለት ሲጠፋ የሚያስገባችሁ ሰው የለም ማለት ነው። ቱታ ስትከፍቱ 64 ፊደልና ቁጥር ያለው የማስመለሻ ኮድ ይሰጣችኋል። ፓስዎርዱም ኮዱም ከጠፉ አካውንቱ ጠፋ። ፕሮቶን 12 የእንግሊዝኛ ቃላት ይሰጣል። የረሳችሁትን ፓስዎርድ በስልክ ቁጥራችሁ በሚመጣ ኮድ ብትቀይሩ እንኳ ያለ እነዚያ ቃላት የድሮ ደብዳቤዎቻችሁ እንደተቆለፉ ሊቀሩ ይችላሉ። ወረቀት ላይ ጻፏቸው። ወረቀቱን ከቤቱ ውል ጋር አስቀምጡት።

ጎረቤቴ ትናንት ከሰዓት መጥቶ ፕሮቶን ከፈተ። ስሙ ብቻውን ተይዞ ነበር፣ የአባቱን ጨመረበት። 12ቱ ቃላት ሲወጡ ስልኩን አነሳና ፎቶ ሊያነሳ ሲል እጁን ያዝኩት።

«ፎቶው የት ነው የሚቀመጠው?» አልኩት።

ትንሽ አሰበ። «ጉግል ላይ» አለ።

እስክሪብቶ ፍለጋ ተነሳሁ።