የልብ ወለድ፣ የግጥምና የተውኔት ሙያዊ ቃላትን እንዴት ላጥና?

የአራት ኪሎዋ ተማሪ፦
የሥነ ጽሑፍ ጀማሪ ተማሪ ነኝ። የሴራን፣ የመቼትን (ድርጊቱ የሚፈጸምበት ጊዜና ቦታ)፣ የጭብጥን (የድርሰቱ ዋና ሐሳብ) እና የምልሰትን (ወደ ኋላ ተመልሶ ያለፈውን መተረክ) ብያኔ በቃሌ ብይዝም፣ አዲስ አጭር ልብ ወለድ ሲሰጠኝ የትኛው የት እንዳለ ለይቼ ማሳየት ያቅተኛል። ልምድ ያላችሁ ብትመክሩኝ አመሰግናለሁ።

መልስ 1፦
እህቴ፣ ብዙ ተማሪ የሚቸገረው ታሪክንና ሴራን አንድ አድርጎ ስለሚያይ ይመስለኛል። ድርጊቶች በጊዜ ቅደም ተከተል ሲደረደሩ ታሪክ ይሆናሉ፤ አንዱ ድርጊት ሌላውን እንዲወልድ በምክንያትና በውጤት ሲተሳሰሩ ግን ሴራ ይሆናሉ። ስለዚህ ካነበብሽው ድርሰት አንድ ድርጊት በሐሳብሽ አውጪና ቀሪው ይፈርስ እንደሆነ መርምሪ። ጭብጡንም «ፍቅር» ብለሽ በአንድ ቃል አትተዪው፤ ድርሰቱ ስለ ፍቅር የሚለውን በሙሉ ዓረፍተ ነገር ጻፊው።

መልስ 2፦
በዚህ እስማማለሁ። ለግጥም ግን ድምፅ አውጥቶ ማንበብን የሚተካ ነገር የለም፤ የወል ቤት የሚባለው የግጥም ዓይነት ስንኝ በሁለት ሐረግ ተከፍሎ እያንዳንዱ 6 ቀለም (የሚነበብ የድምፅ ክፍል) እንደሚይዝ በጣትሽ ስትቆጥሪ፣ ምጣኔ፣ ማለትም የስንኝ የቀለም ልክ፣ ምን እንደሆነ ይገባሻል። ለተውኔት ደግሞ ብሔራዊ ወይም ሀገር ፍቅር ቴአትር ገብተሽ፣ መነባንብ (አንድ ተዋናይ ብቻውን የሚናገረው) ከቃለ ምልልስ (ተዋናዮች የሚመላለሱት ንግግር) የሚለይበትንና ትዕይንት የሚቀየርበትን ቦታ በማስታወሻሽ ያዢ።