በሙቀት ስሮጥ ሆዴ አልቀበል ይለኛል፤ ምን ላድርግ?

ሰላም ወገኖች፣ በመካከለኛ ርቀት ትራያትሎን (ዋና፣ ብስክሌትና ሩጫ በተከታታይ የሚደረግበት ውድድር) የምወዳደር አማተር ነኝ። የ1.9 ኪሎ ሜትሩ ዋናና የ90 ኪሎ ሜትሩ ብስክሌት ደህና ይሄዱልኛል። የጨነቀኝ በበጋ ሙቀት 21.1 ኪሎ ሜትሩን ስሮጥ ነው፦ የጠጣሁት ውሃ ሆዴ ውስጥ ቆሞ ይናጣል፣ ጄል (በውድድር ላይ ለኃይል የሚወሰድ ጣፋጭ ዝልግልግ ምግብ) ገና ሳየው ያቅለሸልሸኛል፣ ፍጥነቴን ብቀንስም የልብ ምቴ አይወርድም። በሙቀት ጊዜ ደም ሰውነትን ለማቀዝቀዝ ወደ ቆዳ ስለሚሄድ ለጨጓራ የሚደርሰው እንደሚያንስ አውቃለሁ። ብስክሌቱ ላይ በሰዓት 60 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት ከጨው ጋር እወስዳለሁ። እሱን ልቀንስ ወይስ ብስክሌቱን ረጋ ብዬ ልንዳ? ለሁለት ሳምንት ያህል በሙቀት መለማመድስ ለሆድም ይረዳል? ይህን ውድድር ከልቤ ስለምወደው መተው አልፈልግም። ኮፍያ ውስጥ በረዶ ማድረግ የጠቀማችሁ ካላችሁም እባካችሁ ንገሩኝ።