«ጥቁር» ሲሉ የወሎን ሰው ይጨምራል ወይ? ስለ አባባ ፕሮስቴት ጥያቄ አለኝ

የሰኞ ገበያው

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ የጤና ባለሙያዎች እንዳላችሁ ስለማውቅ ነው የምጽፈው። ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

አባባ 62 ዓመቱ ነው። ደሴ ሰኞ ገበያ እህል ይነግዳል። ኩንታል ሲያነሳ ያየው ሰው 50 አይሰጠውም። ባለፈው ክረምት ድንገት ሽንት እምቢ አለው። ሌሊቱን ሙሉ ግድግዳ ተደግፎ ሲያቃስት አደረ። ሐኪም ቤት ቱቦ አስገቡለት። ሲሻለው ደም ወሰዱ፣ ቀጥሎ ናሙና። ውጤቱ ሲመጣ የፕሮስቴት ካንሰር ነው። «ፒኤስኤ 64» ይላል፤ ፒኤስኤ ከፕሮስቴት ወደ ደም የሚገባ ፕሮቲን ነው። ከስሩ «ግሊሰን 4+4=8» ተብሎ ተጽፏል፤ ይሄ የካንሰሩ ኃይለኝነት ደረጃ ነው። ሐኪሙ ወረቀቱን ወደኛ አዙሮ በእስክሪብቶ 8ቷን ከበባትና «ይሄ ዓይነቱ ዝም ተብሎ የሚታይ አይደለም» አለን። አሁን የሆርሞን መርፌ ጀምሯል። ለጨረር ተራ እየጠበቀ ነው።

ጥያቄዬ ግን ስለ አባባ ብቻ አይደለም። ታላቅ ወንድሜ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ነው የሚኖረው። 39 ዓመቱ ነው። የአባባን ነገር ለሐኪሙ ሲነግረው፣ «አንተ ጥቁር ነህ፣ አባትህም ታሟል፤ 40 ስትሞላ ምርመራ እንጀምራለን» አለው። አሜሪካ ውስጥ ከ8 ወንዶች አንዱ በሕይወት ዘመኑ ይህ ካንሰር ይገኝበታል፣ ጥቁሮች ላይ ሲደርስ ግን ከ6 አንዱ ይሆናል አለው።

ወንድሜ ይህንን በቪዲዮ ሲነግረን ቤቱ ሁለት ተከፈለ። እምዬ (የአባባ እናት) «እኛ ከየመን የመጣን የሸህ ዘር ነን፣ ምን አገናኘን!» ብላ ተቆጣች። አጎቴ ደግሞ «አሜሪካ ከገባህ ሸህ ብትሆን ንጉሥ ብትሆን ጥቁር ነህ» አላት። ቡናው ሳይጠጣ ቀዘቀዘ።

ሌላም አለ። የአባባ ታላቅ ወንድም ኩታበር ነበር የሚኖረው። «ወገቤን ወገቤን» እያለ ከስቶ ሞተ። ወጌሻ አሸው፣ ወዳጃ ተደረገለት፣ ጸበልም ተወሰደ። የወሎ ቤተሰብ ነን፣ በአንድ በር ብቻ አናንኳኳም። ምን እንደነበር ግን ማንም አልመረመረም።

እንግዲህ ንገሩኝ። ያ «ከ6 አንድ» እኛንም ይቆጥራል? እኔ 36 ነኝ፣ ዛሬውኑ ልመርመር ወይስ ልቆይ?

ዘመን አይሽሬ

ወንድሜ፣ ይሄ ሁሉ የፈረንጅ ዘይትና የፋብሪካ ምግብ ያመጣው ነው። አያቶቻችን ጤፍና ማር እየበሉ ፕሮስቴት የሚባል ነገር ሳያውቁ 90 ዓመት ኖሩ።

የሰኞ ገበያው

@ዘመን አይሽሬ፦ የአያቶቻችንን ፒኤስኤ ማን ለካው? ለማንኛውም አባባም የሚበላው ጤፍ ነው። ሻጩ እሱ ራሱ ነው።

የሐይቅ ልጅ

ለአባትህ አላህ ምህረቱን ያውርድ። ሐይቅ ነው የተወለድኩት። አሁን ውጭ አገር፣ የካንሰር ጂን በሚመረመርበት ላብራቶሪ ውስጥ እሠራለሁ። ሐኪም አይደለሁም፤ ስለ ጂኑ የማውቀውን ግን ልንገርህ።

መጀመሪያ ያ ቁጥር ከየት እንደመጣ እንይ። «ከ6 አንድ» የተሰላው አሜሪካ ውስጥ ራሳቸውን ጥቁር ብለው ባስመዘገቡ ሰዎች ላይ ነው። የአብዛኞቹ ቅድመ አያቶች ደግሞ ከምዕራብና ከመካከለኛው ምዕራብ አፍሪካ በባርነት የተወሰዱ ናቸው። ቁጥሩ ውስጥ ጂን ብቻ አይደለም ያለው። ሐኪም ጋር ማን ቶሎ ይደርሳል፣ ማን ጥሩ ሕክምና ያገኛል የሚለውም አለበት። የቆዳ ቀለም ራሱ ካንሰር አያመጣም።

የጂኑ ድርሻ ግን ቀላል እንዳይመስልህ። የሰሜን አውሮፓ አገሮች መንትዮችን ለረጅም ዓመታት ተከታትለው፣ ፕሮስቴት ካንሰር በሰዎች መካከል ካለው የተጋላጭነት ልዩነት 57 በመቶ ያህሉ በዘር የሚወረስ ነው ብለዋል። ከካንሰሮች ሁሉ እንዲህ ከፍ ያለ ጥቂት ነው። ይህ ውርስ በሁለት መንገድ ይመጣል። አንደኛው ብዙ ጥቃቅን የጂን ልዩነቶች ናቸው። አባትህ እህል ነጋዴ ነው ብለሃል፤ እያንዳንዷን ልዩነት እንደ አንድ ፍሬ ጤፍ ቁጠራት፣ ሚዛኑ የሚነቃነቀው ሲጠራቀም ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ ትልቅ ጥናት 269 እንዲህ ያሉ ቦታዎችን ቆጠረ፣ በ2023 ደግሞ 451 ደረሱ። የ2021ዱ ሲደመር፣ አፍሪካዊ የዘር ሐረግ ያላቸው ወንዶች አማካይ የጂን ስጋት ከአውሮፓውያኑ 2.18 እጥፍ ሆነ። የምሥራቅ እስያውያኑ 0.73 ነው፣ ማለትም ያንሳል።

አሁን ልብ በል። በዚያ ጥናት ከተካተቱት 107,247 ታማሚዎች ውስጥ 85,554ቱ አውሮፓዊ ዘር ያላቸው ናቸው። አፍሪካዊ ዘር ያላቸው 10,368 ብቻ ነበሩ፣ እነሱም በብዛት አፍሪካዊ አሜሪካውያን። «አፍሪካዊ» ተብሎ የተጻፈው የኩታበርን ገበሬ አያውቀውም። በዓለም ላይ የጂን ልዩነት በብዛት ያለው አፍሪካ ውስጥ ነው። የሴኔጋልንና የወሎን ሰው በአንድ ከረጢት መክተት ለወረቀት ይመቻል፣ ለሕክምና ግን አይሆንም።

አንድ ምሳሌ ብቻ ልስጥህ። ስምንተኛው ክሮሞዞም ላይ 8q24 የሚባል ሰፈር አለ። ከ2006 ጀምሮ ከፕሮስቴት ካንሰር ጋር ያለው ግንኙነት ታውቋል፤ መጀመሪያ ያገኙት አይስላንድ ውስጥ ነው። እዚያው ሰፈር አፍሪካዊ ዘር ባላቸው ሰዎች ላይ ብቻ ማለት ይቻላል የሚታይ አንድ ልዩነት አለ፤ የተሸከመውን ሰው ስጋት ሁለት እጥፍ ያህል ያደርሰዋል። በተቃራኒው ሆክስቢ13 የሚባለው ጂን ላይ በ2012 የተገኘው ለውጥ በብዛት የሰሜን አውሮፓውያን ነው። በዚያው ጂን ላይ ሌላ ለውጥ ደግሞ የምዕራብ አፍሪካ ሐረግ ባላቸው ላይ ተገኘ። ጂኑ አንድ ሆኖ ጉዳቱ እንደየዘሩ ሌላ ሌላ ነው።

እምዬን አታስቀይማት፣ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተችም። በ2012 የወጣ የኢትዮጵያውያን ጂን ጥናት፣ ሴማዊና ኩሻዊ ቋንቋ በሚናገረው ሕዝብ ላይ ከ40 እስከ 50 በመቶ የሚሆነው ዘር ከአፍሪካ ውጭ ከነበሩ ሕዝቦች ጋር የተዛመደ ነው ብሏል። መቀላቀሉን ወደ 3,000 ዓመት ገደማ ይወስደዋል። ይሄ ግን የአማራም፣ የኦሮሞም፣ የአርጎባም ነገር ነው፣ የሸሁ ብቻ አይደለም። ከ10 ትውልድ በፊት የነበረ አንድ ሸህ ደግሞ ከ1,024 ቅድመ አያቶችህ አንዱ ነው። ከካንሰር አያስጥልም።

የወንድምህ ሐኪም «40 ላይ» ማለቱ ግን ትክክል ነው። ምክንያቱ «ጥቁር» ከሚለው ይልቅ «አባትህ» የሚለው ነው። አባቱ ወይም ወንድሙ የታመመ ሰው ስጋቱ ከሌላው ሁለት እጥፍና ከዚያ በላይ ነው። ይሄ በየትኛውም ዘር ላይ ይሠራል።

አሁን የምጠይቅህ ነገር አለ። በአባትህ በኩል የጡት ወይም የእንቁላል ማቀፊያ ካንሰር የያዛት ሴት አለች? የቆሽት ካንሰርስ? በስንት ዓመታቸው?

የሰኞ ገበያው

@የሐይቅ ልጅ፦ እህቴ፣ እድሜ ይስጥሽ። ስለ ሸሁ ያልሽውን ለእምዬ አነበብኩላት። «ግማሽ በመቶም ቢሆን ሸህ ሸህ ነው» አለችኝ።

ስለ ሴቶቹ ስትጠይቂኝ ግን ገረመኝ። የወንድ በሽታ ነው ብለን ማንም ሴቶቹን አላነሳም ነበር። የአባባ እህት፣ ዘቢዳ፣ ያሳደገችኝ አክስቴ፣ በጡት ካንሰር ነው የሞተችው። መርሳ ነበረች። የመጨረሻ ልጇን ገና ጡት እያጠባች ነው እብጠቱ የወጣው። ወተት ነው ተብሎ ሳይታይ ቆየ። እምዬ እንደምትለው 40 አልሞላትም። ቆሽት ያልሽውን አላውቅም።

ወሎ ለጋብቻ ሰባት ቤት የሚቆጥርበት አገር ነው። እምዬ ማን ከማን እንደተወለደ፣ ማን በምን እንደሞተ በቃሏ ትወርደዋለች። «እከሌ በሆዱ፣ እከሊት በጡቷ» እያለች። እኔ ደብተር ይዤ እየጻፍኩ ነው።

የሐይቅ ልጅ

ደብተሩን አትጣለው። ሐኪም ፊት ስትቀርብ ከማንኛውም ሰርተፊኬት ይበልጣል።

ውርሱ በሁለት መንገድ ይመጣል ብዬህ ነበር፤ ሁለተኛው አንድ ጂን ብቻውን ተበላሽቶ ሲወረስ ነው። ቢአርሲኤ2 የሚባል ጂን አለ፣ ሥራው የተሰበረ ዲኤንኤ መጠገን ነው። አንዱ ቅጂ ተበላሽቶ ከተወረሰ ሴቷን ለጡትና ለእንቁላል ማቀፊያ፣ ወንዱን ለፕሮስቴት ካንሰር ያጋልጣል። የፕሮስቴቱም ብዙ ጊዜ ኃይለኛው ዓይነት ነው። ከ40 በፊት በጡት ካንሰር የሞተች እህት፣ ወንድሟ ግሊሰን 8፣ ይሄ ለእኔ ከ«ጥቁር ነህ» በላይ ይናገራል። ነው ማለቴ አይደለም፣ ይመርመር ማለቴ ነው። የኩታበሩ አጎትህም ይጻፍ። ፕሮስቴት ካንሰር ሲሰራጭ አጥንት ይወዳል፣ በተለይ አከርካሪና ዳሌ። በወገብ ሕመም ብቻ ግን አይፈረድም።

የተበላሸው ጂን አባትህ ላይ ቢገኝ እንኳ ለእያንዳንዳችሁ የመውረስ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። ሴት ወንድ አይለይም። እህት አለህ? ካለህ ይህ ጉዳይ ከአንተ እኩል የእሷም ነው።

መመርመር ያለበት መጀመሪያ አባትህ ነው። የታመመው እሱ ነውና። በደም ወይም በምራቅ ይሠራል። በአሜሪካ መመሪያ ግሊሰን 8 ለሆነ ሰው ምርመራው የሚመከር ነው። ደሴ ላይ በቀላሉ ስለማይገኝ ሐኪሙን ጠይቁት። ካልተቻለ ወንድምህ እዚያ ይመርመር። አንድ ነገር ግን አስረዳው፦ የእሱ ንጹሕ ሆኖ ቢወጣ አንተንና እህትህን ነጻ አያወጣም። እሱ ጥሩውን ቅጂ ወርሶ፣ እናንተ ሌላውን ልትወርሱ ትችላላችሁ።

ለአባትህም ጥቅም አለው። ኦላፓሪብ የሚባል ኪኒን በ2020 አሜሪካ ውስጥ ተፈቅዷል። ካንሰሩ ተሰራጭቶ የሆርሞን ሕክምና እምቢ ሲልና እንዲህ ያለ የጂን ጉድለት ሲኖር የሚሰጥ ነው። አሁን ላያስፈልገው ይችላል። መረጃው መዝገቡ ላይ ይኑር።

ሰፊው ከወልዲያ

የኔ አባት 78 ናቸው። ማታ ማታ ለሽንት ይነሳሉ፣ ይቆራርጣቸዋል። እንግዲህ ካንሰር ነው በሉኛ! ደግሞ ምርመራው በጣት ነው አሉ። እሳቸው ሞቼ እገኛለሁ ነው የሚሉት።

ሲስተር ኮምቦልቻ

@ሰፊው፦ በእሳቸው ዕድሜ ብዙውን ጊዜ የፕሮስቴት ዕጢው ራሱ አድጎ ነው እንጂ ካንሰር አይደለም። እንዲያውም ካንሰሩ ሲጀምር ድምፅ የለውም። ሽንት አልቆራረጠኝም ብሎ መዘናጋት አይገባም። የጣቱ ምርመራ ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም፣ ደግሞ በደም የሚታየውን ብቻ አስቀድመው ማሠራት ይችላሉ። አባታችንን አግባቡልን፣ ከልጅ ይልቅ የዕድሜ እኩያቸው ቢነግራቸው ይሰማሉ።

@የሰኞ ገበያው፦ 36 ላይ ዛሬውኑ አትሩጥ። 40 ላይ ጀምር፣ የአባባ የጂን ውጤት ከመጣ ሐኪሙ ዕቅዱን ያስተካክላል። ፒኤስኤ ደግሞ በካንሰር ብቻ አይወጣም። ኢንፌክሽን ካለ፣ ቱቦ ገብቶ ከነበረ፣ ዕጢው በዕድሜ ካደገ ይወጣል። ስለዚህ አንድ ቁጥር አይታችሁ ኡኡ አትበሉ፣ ይደገም በሉ።

የሰኞ ገበያው

እህት አለችኝ፣ ሐርቡ ነው የምታስተምረው። አሁን ደውዬ ነገርኳት፣ ዝም ብላ ሰምታኝ «አክስቴን ነው የምመስለው ይሉኛል» አለችኝ። ለአባባ ቀጠሮ አብራን ልትገባ ነው። ደብተሩ እሷ ጋ ይሆናል፣ የእኔ ጽሑፍ አይነበብም።

ሲስተር፣ አንድ የመጨረሻ ጥያቄ። ጊዜው ሲደርስ ለደሙ ምርመራ ጾሜን ነው የምሄደው?

ሲስተር ኮምቦልቻ

በልተህ ሂድ፣ ምግብ አይነካውም። ከምርመራው በፊት ሁለት ቀን ግን ከባለቤትህ ጋር አትገናኝ፣ ያ ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል። ረጅም ብስክሌት መንዳትም እንደዚያው። ሽንትህ የሚያቃጥልህ ከሆነ መጀመሪያ እሱን ታከም፣ ፒኤስኤውን ሲሻልህ አሠራ።