የስቲልዋተር ውኃ ለጎጆ ይለቀቅ ወይስ ለጥቅምት ይቆይ?

አወያይ፦ በአሜሪካ ኔቫዳ ግዛት፣ በላሆንታን ሸለቆ የሚገኘው የስቲልዋተር የዱር እንስሳት መጠለያ በዓመት 15 ሳንቲሜትር ዝናብ እንኳ በማያገኝ በረሃ መካከል ያለ ረግረግ ነው። የካርሰን ወንዝ ባሕር ሳይደርስ እዚያው ተኝቶ ይተናል፤ ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚሻገሩ ዳክዬዎችና ዝዪዎችም በዚያ ያርፋሉ። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣ ሕግ (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) መንግሥት ለመሸጥ ፈቃደኛ ከሆኑ ገበሬዎች የውኃ መብት እየገዛ በሸለቆው በረጅም ጊዜ አማካይ 25,000 ኤከር፣ ማለትም 10,000 ሄክታር ገደማ ረግረግ እንዲያቆይ ያዛል። ለክርክር የቀረበው ጥያቄ የሚከተለው ነው። በድርቅ ዓመት ያለችው ጥቂት ውኃ ከሚያዝያ ጀምሮ ጎጆ ለሚሠሩት ወፎች ትለቀቅ ወይስ በጥቅምት ለሚከፈተው አደንና ለተሻጋሪዎቹ ዳክዬዎች ትቆይ?

ወፍ ቆጣሪ፦ እኔ ለጎጆ ትለቀቅ ባይ ነኝ። ነጭ ፊት ያለው አይቢስ የተባለው የረግረግ ወፍ ጎጆውን የሚሠራው ውኃ በከበበው ደንገል ውስጥ ነው፤ ውኃው አጥሩ ነው ማለት ይቻላል። በአንድ የድርቅ ዓመት ሰኔ ላይ ለቆጠራ ስገባ ኩሬው ሸሽቶ ጭቃ ብቻ ቀርቶ ነበር። ካዮቴ የሚባለው የዱር ውሻ ዱካ ከአንዱ ጎጆ ወደ ሌላው በቀጥታ ይሄዳል፤ በየጎጆው ሥር የተሰበረ ሰማያዊ የእንቁላል ቅርፊት ወድቆ ነበር። በጥቅምት የሚመጣው ዳክዬ ውኃ ቢያጣ ወደ ሌላ ቦታ መብረር ይችላል፤ ጫጩት ግን አይችልም። የሞተው የዚያ ዓመት ትውልድ በመኸር ውኃ አይተካም።

አዳኙ፦ ወፍ ቆጣሪ ያዩትን አልጠራጠርም፤ ነገር ግን በጥቅምት የሚለቀቀው ውኃ ለጠመንጃ ብቻ የሚለቀቅ ተደርጎ መታየቱን አልቀበልም። ባለፈው የአደን ወቅት የመታሁትን ዳክዬ የሆድ ዕቃ ስከፍት ጥቁር የሚያብረቀርቅ የደንገል ፍሬ ሞልቶበት፣ ከመካከሉም ሳጎ የሚባለው የውኃ ውስጥ ተክል ከሥሩ የሚያፈራቸው ነጫጭ እንክብሎች ነበሩ። ወፉ የቀረውን መንገድ የሚበርበት ስብ ከዚህ የሚገኝ ነው፤ ዘሩም ለዳክዬ መብል የሚሆነው ውኃ ሲተኛበት ነው። በሐምሌ ያቆያችሁት ውኃ ግን በትነት ያልቃል፤ የቀረውም ሞቆ ወፍ ይገድላል።

ወጪውንም ማን እንደሚሸፍን መዘንጋት የለበትም። ከ1934 ጀምሮ የውኃ ወፍ አዳኝ የፌዴራሉን የዳክዬ ቴምብር የመግዛት ግዴታ አለበት። ያኔ 1 ዶላር የነበረው ቴምብር ዛሬ 25 ዶላር ሲሆን ከእያንዳንዱ ዶላር 98 ሳንቲሙ ለወፎች መኖሪያ ይውላል። አደኑም በዚህ አገር የትናንት መጤ አይደለም፤ በ1924 በላቭሎክ ዋሻ የተገኙት፣ ከደንገል ተጎንጉነው ላባ የለበሱት የማማለያ ዳክዬዎች ወደ 2,000 ዓመት ገደማ ያስቆጠሩ ናቸው።

ወፍ ቆጣሪ፦ በሽታውን በተመለከተ ትክክል ነዎት፤ ከእርስዎ የተለየ አልልም። ቦቱሊዝም የያዘው ዳክዬ አንገቱን መሸከም አቅቶት ጭንቅላቱ ውኃው ላይ ሲወድቅና ሕይወቱ ሳታልፍ ሲሰጥም አይቻለሁ። የባክቴሪያው ዘር በጭቃው ውስጥ ይኖራል፤ ውኃው ሲሞቅና አየር ሲያጣ ይነሣል፤ በበድኑ ላይ የሚፈለፈለው ትል መርዙን ይሸከማል፤ ትሉን የበላው ዳክዬ ደግሞ ተራው ይሆናል። ስለዚህ በድን መልቀም ራሱ ሕክምና ነው። የቴምብሩን ነገር ግን አልቀበልም፤ የከፈለ ሊመሰገን ይገባዋል፣ ውኃው የሚለቀቅበትን ወር የመወሰን መብት ግን በክፍያ አይገኝም።

ከቦይ ዳር፦ ሁለታችሁም ውኃው ከማን ማሳ እንደመጣ ሳታነሡ አለፋችሁ። ከ1902ቱ የመስኖ ሕግ በኋላ የኒውላንድስ ፕሮጀክት ሲጀመር መንግሥት ራሱ ገበሬን ጠርቶ በዚህ በረሃ አሰፈረ። ዛሬ አንድ ኤከር እርሻ የውኃ መብቱን ለረግረጉ ሲሸጥ የሚሻገረው 2.99 ኤከር-ፊት ነው፤ አንድ ኤከር-ፊት 1,233 ሜትር ኩብ ገደማ ይሆናል። አንድ ኤከር ረግረግ ደግሞ በዓመት 5 ኤከር-ፊት ያህል ስለሚፈልግ፣ አንዱን ኤከር ለማርጠብ ከአንድ ኤከር ተኩል የሚበልጥ አልፋልፋ ይደርቃል። ጉዳቱ በሻጩ ላይም አያበቃም፤ በሸለቆው ጥልቀት የሌለውን የከርሰ ምድር ውኃ የሚመግበው ከቦይና ከማሳ የሚሰርገው በመሆኑ፣ ምንም ያልሸጠው ጎረቤት የቤቱ ጉድጓድ ሲወርድ ያያል። እኔ ሽያጩን አልቃወምም፤ የተሸጠው ውኃ ግን በነሐሴ ሙቀት ባክኖ ሲቀር ማየት ያመኛል።

የሐይቁ ወገን፦ ወደ ዊኔሙካና ፒራሚድ ሐይቆች ይፈስ ከነበረው ከትራኪ ወንዝ ተጨማሪ ውኃ ይምጣ የሚል አሳብ ከመነሣቱ በፊት አንድ ነገር ላስታውስ። በ1905 የተጠናቀቀው የደርቢ ግድብ ትራኪን ወደዚህ ሸለቆ ካዞረው በኋላ ዊኔሙካ ሐይቅ ፈጽሞ ደረቀ፤ በ1936 የተቋቋመው የወፍ መጠለያም በ1962 ተሰረዘ። የፒራሚድ ሐይቅ ወለል እስከ 1960ዎቹ ድረስ ከ24 ሜትር በላይ ወርዶ፣ የአገሬው ተወላጅ የፓዩት ሕዝብ እየተመገበ የኖረው ኩዊ-ኡዊ የተባለው ዓሣ ለመጥፋት ተቃርቦ ነበር። አንዱን ረግረግ ለማዳን ሌላውን ሐይቅ ማጉደል አንድ ጊዜ ተሞክሯል።

ጣውላ አንሺ፦ በረግረግ ኩሬዎች መዝጊያ ላይ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ፤ እንደ እኔ አመለካከት ጥያቄው የቀረበው በተሳሳተ መንገድ ነው። መዝጊያው በሲሚንቶ ግድግዳ መካከል የተደራረቡ ጣውላዎች ናቸው፤ አንዱ ሲነሣ ኩሬው ከስንዝር ያነሰ ይወርዳል። ከላይ ተደፍቶ የሚመገብ ዳክዬ አንገቱ የሚደርስለት 25 ወይም 30 ሳንቲሜትር ድረስ ስለሆነ፣ አንዲት ጣውላ ሙሉውን ኩሬ ማዕድ ልታደርገው ወይም ልትዘጋበት ትችላለች። ይህን ያነሣሁት በዚህ ሥራ የውኃው ብዛት ብቻ ሳይሆን ጥልቀቱና ጊዜው እንደሚወስን ለማሳየት ነው።

ትልቁ ጠላታችን ደግሞ ጨው ነው። በዚህ ሸለቆ ውኃ የሚወጣው በትነት ነው፤ ትነት ጨውን ትቶ ይሄዳል። ከማሳ ተርፎ የሚወርደው ውኃ አርሰኒክና ቦሮን ይዞ ሊመጣ ይችላል፤ በካርሰን ወንዝ ጭቃ ውስጥ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን የብር ወፍጮዎች የቀረ ሜርኩሪ አለ። በካሊፎርኒያ ኬስተርሰን በ1983 አካላቸው የጎደለ ጫጩቶች የተገኙት የማሳ ትራፊ ውኃ ሴሊኒየም በኩሬዎቹ ስላከማቸ ነበር። ጥቂቷን ውኃ ለሁሉም ኩሬ ካካፈልናት በነሐሴ ሁሉም ጥልቀት የሌላቸው፣ ሞቃታማና ጨዋማ ይሆናሉ፤ ያን ጊዜ ጎጆም አይተርፍ፣ አደንም የለም።

ስለዚህ በድርቅ ዓመት ጥቂት ኩሬዎች ብቻ በደንብ ይሞሉ፣ የቀሩት ፈጽሞ ይድረቁ እላለሁ። መድረቅ እንደ ኪሳራ አይታይ። ጭቃው ሲሰነጠቅ አየር ይገባዋል፣ የበሰበሰው ነገር ለምግብነት ይለወጣል፣ ውኃ የሚያደፈርሰው ካርፕ የተባለው ዓሣ ይሞታል፣ ሲዘንብበት ወይም ሲረጥብ ዘር ይበቅላል፤ የሚመለሰው የመጀመሪያ ውኃ ግን ጨውን አጥቦ ማለፍ እንጂ እዚያው መተኛት የለበትም። ከሚሞሉት አንዱ የጎጆ ኩሬ ሆኖ ጫጩቶቹ እስኪበሩ ከፍታው ሳይነቃነቅ ይያዝ፤ ከዚያ ውኃው ሞቆ ከሚገማ በቦይ ወደ ታችኛው ይውረድ። ሌላው የዘር ኩሬ በግንቦት ቀስ ብሎ ይጉደል፣ የመስኖው ወቅት በኅዳር ሳይዘጋ ደግሞ ይሞላ።

አዳኙ፦ በዚህ እስማማለሁ፤ አደን የሚፈቀድባቸውም ኩሬዎች በተራቸው ይድረቁ። አንድ ነገር ግን እጨምራለሁ፤ ለአደን በተዘጋው ክፍል በጥቅምት ውኃ ከሌለ ወፎቹ የሚያርፉበት አጥተው በመጀመሪያው ሳምንት ተኩስ ሸለቆውን ጥለው ይሄዳሉ፤ ይህ ለእኛም ለእነርሱም ጉዳት ነው።

ወፍ ቆጣሪ፦ ለአንድ ኩሬ ብቻ የሚበቃ ውኃ ሲኖርስ? እኔ አሁንም ለጎጆ እላለሁ።

ጣውላ አንሺ፦ መልሱ ያለው በሴራ ኔቫዳ ተራሮች በረዶ ላይ ነው፤ የካርሰን ውኃ የዚያ በረዶ ቅላጭ ነውና። በሚያዝያ መግቢያ የተለካው በረዶ ኩሬውን እስከ ሐምሌ መጨረሻ እንደሚያደርስ ካሳየ የእርስዎን ጎጆ ከሁሉ አስቀድማለሁ። ካላሳየ ያን ኩሬ በሚያዝያ አልሞላውም፤ አይቢሷን ውኃ አሳይቶ ጎጆ ካሠራት በኋላ በሰኔ መተው እርስዎ ዱካውን ያዩትን ጥፋት በገዛ እጃችን መሥራት ነውና። በዚያ ዓመት ውኃው ለዘሩ ይቆይ።

ወፍ ቆጣሪ፦ የበረዶው ልኬት በየዓመቱ ከውሳኔው ጋር አብሮ ለሕዝብ ይፋ የሚሆን ከሆነ ይህን እቀበላለሁ።