የድንገተኛ ክፍል ጥናት፦ ከካርድ መረጃ ስንወስድ የቱ ጋ ነው የሚበላሸው?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የማስተርስ ጥናቴ ሕመምተኛ ከደረሰ እስከ ትሪያጅ (በሕመሙ አጣዳፊነት እስኪለይ) የሚፈጀው ጊዜ በ24 ሰዓት ውስጥ ካለው ሞት ጋር ስላለው ግንኙነት ነው። መረጃው ከካርድ ነው። ምን ልጠንቀቅ?

መላሽ 1፦ ከሁሉ በፊት ሰዓቱን! አንዱ ነርስ «3:20» ሲል በእኛ አቆጣጠር ጠዋት ነው፤ ሌላው ያንኑ ሰዓት «9:20» ብሎ በፈረንጅ ይጽፈዋል። ሳትለየው ካስገባኸው የ5 ደቂቃ ቆይታ 6 ሰዓት ከ5 ደቂቃ ይሆናል። ቅጽህ ላይ «የሰዓት አቆጣጠር» የሚል ዓምድ ጨምር፤ ካርዱ ላይ ግልጽ ካልሆነ ከመዝገቡ ጋር አመሳክር። ቀኑንም እንዲሁ፤ ጳጉሜን ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል።

መላሽ 2፦ በደቂቃ የሚቆጠረው ትንፋሽም አለ። ካርድ ሁሉ «20» የሚል ከሆነ ሳይቆጠር የተጻፈ መሆኑን ጠርጥር። የደቡብ አፍሪካው የትሪያጅ ነጥብ በትንፋሽ ቁጥር ስለሚለወጥ፣ 7 አግኝቶ ቀይ (ከሁሉም አጣዳፊ) መሆን የነበረበት ሰው ከሱ በታች ያለው ብርቱካናማ ላይ ይቀራል። የጎደለውን ደግሞ በ«ኖርማል» አትሙላ፤ ብዙ ጊዜ ሳይለካ የሚያልፈው በጣም የታመመው ነው።

መላሽ 3፦ ናሙናህ ሌሊትንና እሑድን ይያዝ። ደርሶ የሞተው ካርድ ሳይወጣለት ሊቀር ስለሚችል የሞት መዝገቡንም ለብቻው እይ።