ቀብድ ያስያዝኩበት መኪና “ተሸጧል” ተባለ፤ ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦ የሳሪሷ መምህርት

ሰላም ለሁላችሁም። ባለፈው ሳምንት ረቡዕ፣ በሃያ ሁለት አካባቢ በሚገኝ አንድ የመኪና መሸጫ ውስጥ አንድ ብርማ ቶዮታ ቪትዝ አይቼ ወደድኩት። ሰሌዳው ኮድ 2፣ ሞተሩ ባለ 1.3 ሲሆን የመጨረሻ ዋጋው 1 ሚሊዮን 850 ሺህ ብር ነው ተባልኩ። የመሸጫው ሠራተኛ ሌሎች ሁለት ሰዎች እየተመላለሱበት ስለሆነ ቀብድ ካላስያዝኩ ነገ እንደማላገኘው ሲነግረኝ ደንግጬ፣ እዚያው ቆሜ 50 ሺህ ብር በሞባይል ባንኪንግ እሱ በሰጠኝ የሂሳብ ቁጥር አስገባሁ። በእጄ ያለው ማስረጃ የመሸጫው ማኅተም ያለበት፣ የመኪናውን ሰሌዳ ቁጥርና የገንዘቡን መጠን ብቻ የሚጠቅስ ደረሰኝ ነው። ከግርጌው “ቀብድ አይመለስም” የሚል ቃል አስቀድሞ ታትሞበታል።

ቀሪውን ገንዘብ ከቁጠባና ብድር ማኅበራችን እስካወጣ አምስት ቀን ፈጀብኝ። ሰኞ ስደውል ያው ሠራተኛ መኪናውን ባለቤቱ ራሱ እንደሸጠው፣ እኔ ግን ከፈለግሁ 2 ሚሊዮን 100 ሺህ ብር የሚባል ሌላ ቪትዝ “በዚያው ቀብድ” ሊይዝልኝ እንደሚችል ነገረኝ። ማክሰኞ ጠዋት በታክሲ ሳልፍ ግን መኪናው እዚያው በሩ አጠገብ ቆሟል። በቀኝ በኩል ያለው የኋላ መብራቱ ጥግ ላይ ተሰንጥቆ በማጣበቂያ የተያያዘ ስለሆነ፣ ሌላ መኪና ነው ብዬ ራሴን ላታልል አልቻልኩም።

በእርግጥ መሸጡን በምን ላረጋግጥ? ካልተሸጠስ እንዲሸጡልኝ ማስገደድ እችላለሁ? ገንዘቤንስ እንዴት ላስመልስ?

መልስ፦ የቀድሞ ደላላ

እህቴ፣ ለብዙ ዓመታት ከቦሌ እስከ መገናኛ መኪና ሳሻሽጥ ኖሬያለሁና ከውስጥ የማውቀውን ልንገርዎት። በመሸጫ ግቢ ውስጥ ከሚያዩዋቸው ያገለገሉ መኪኖች ብዙዎቹ የመሸጫው ንብረት አይደሉም፤ ባለቤታቸው “ሽጡልኝ” ብሎ ያቆማቸው ናቸው። ያው ባለቤት ለሌሎች አራት አምስት ደላሎችም ፎቶውን ሰጥቷል፤ እነሱም በቴሌግራም ለሌላ አስተላልፈውታል። ስለዚህ መኪናው ግቢው ውስጥ ቆሞ ሳለ ባለቤቱ በሌላ ደላላ በኩል ተዋውሎ ሊሆን ይችላል፤ መቆሙ ብቻ አለመሸጡን አያሳይም። በሌላ በኩል “ተሸጧል፤ ግን ሌላ አለን” የሚለው ቃል ገዢን ወደ ውዱ መኪና መምሪያ የቆየ ዘዴ መሆኑን አልክድም፤ እኔም በወጣትነቴ ብዬዋለሁ። ሦስተኛው ዕድል ደግሞ ሌላ ሰው ዋጋ ጨምሮ መምጣቱ ነው፤ እርስዎ በነገሩን ሁኔታ እኔ ይህን እጠረጥራለሁ።

ማጣሪያው ቀላል ነው። እነሱ የማያውቁት ዘመድዎ ይደውልና ሰሌዳውን ሳይጠቅስ “ብርማ ቪትዝ ባለ 1.3 አላችሁ ወይ?” ብሎ ይጠይቅ። “አለ፣ ና እይ” ካሉት ነገሩ ተገለጠ። እርስዎ ራስዎ ከሄዱ ግን ቃላቸውን አይጠይቁ፤ ውሉን ይጠይቁ። መኪና የሚሸጠው ሻጭና ገዢ ውልና ማስረጃ ቀርበው ሲፈርሙ፣ ከዚያም ስሙ ሊብሬው (የመኪናው የባለቤትነት ደብተር) ላይ ሲዛወር ነው። “መቼ ፈረሙ?” ሲሉ ቀኑን የማይነግርዎት ሰው፣ ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ቀን ስለሌለ ነው።

አንድ ነገር ግን ልውቀስዎት፤ ገንዘቡን ያስገቡበት ሂሳብ በማን ስም እንደሆነ አልጻፉልንም።

የሳሪሷ መምህርት

እውነትዎን ነው። አሁን የባንኩን መልእክት ሳየው ሂሳቡ የድርጅቱ ሳይሆን የሠራተኛው የግል ስም ነው።

መልስ፦ የሕግ ባለሙያ

የጠየቁት ሦስት ጥያቄ በመሆኑ ከገንዘቡ ልጀምር፤ በእርስዎ በኩል ያለው ጠንካራ ነገር እሱ ነውና።

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 1883 እስከ 1885 ስለ ቀብድ ይደነግጋል። ቀብድ መሰጠቱ ውል ለመደረጉ ማስረጃ ነው። ተዋዋዮቹ ሌላ ስምምነት ከሌላቸው በስተቀር፣ ቀብድ ሰጪው ውሉን ቢያፈርስ የሰጠውን ይለቃል፤ ቀብድ ተቀባዩ ቢያፈርስ ግን የተቀበለውን እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ሕዝባችን የመጀመሪያውን ግማሽ በቃሉ ያውቀዋል፤ ሁለተኛውን ግን ሻጮች ስለማያነሱት ገዢዎች ረስተውታል። ደረሰኙ ላይ የታተመው “ቀብድ አይመለስም” የሚለው ቃልም፣ እንደ እኔ አረዳድ፣ እርስዎ ሐሳብ ቢለውጡ የሚሆነውን የሚናገር ነው እንጂ ሻጩ ራሱ አፍርሶ ገንዘቡን እንዲያስቀር የሚፈቅድ አይደለም። ስለዚህ ሻጩ መኪናውን ለሌላ ከሰጠ፣ የሚጠይቁት 50 ሺህ ሳይሆን 100 ሺህ ብር ነው።

ሆኖም ሁለት እንቅፋቶች ይታዩኛል። ደረሰኙ ገንዘቡን ቀብድ ይለዋል ወይስ “ቅድሚያ ክፍያ”? ቅድሚያ ክፍያ ከተባለ ተከራካሪዎ “ይህ የዋጋው ከፊል ክፍያ እንጂ ቀብድ አይደለም” ብሎ እጥፉን ለመሸሽ ይሞክራል፤ ከግርጌ የታተመችው ቃል በዚህ ረገድ እርስዎን ትጠቅማለች፣ ቀብድ ብለው የጠሩት ራሳቸው ናቸውና። ሁለተኛው ሠራተኛው ገንዘቡን በግል ሂሳቡ መቀበሉ ነው። መሸጫው “አናውቅም” እንዳይል ማኅተም ያለበትን ደረሰኝና የባንኩን ማስረጃ አንድ ላይ ይያዙ፤ ቀኑና መጠኑ መገጣጠማቸው ብዙ ይናገራል።

መኪናውን በግድ ስለማስሸጥ ግን አላበረታታዎትም። ገዢው ተመሳሳዩን ዕቃ ያለ ብዙ ችግርና ወጪ ከሌላ መግዛት የሚችል ከሆነ፣ ሕጉ ውሉ በግድ ይፈጸምልኝ እንዲል አይፈቅድለትም። አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ ቪትዝ አጣሁ ብሎ ፍርድ ቤትን ማሳመን የሚቻል አይመስለኝም።

መልስ፦ መካኒክ ነኝ

እኔ በሕጉ አልገባም። ግን ያ መብራት በማጣበቂያ ከተያያዘ ከኋላ ተመትቷል ማለት ነው፤ የሻንጣውን ምንጣፍ አንስተው የብረቱን ብየዳ አይተውታል? ካላዩት በመሸጡ ብዙም አይዘኑ። ለወደፊቱ ቀብድ ሲያስይዙ “በገዢው መካኒክ ተመርምሮ ከጸደቀ” የምትል አንድ መስመር ያስጽፉ፤ የማይስማማ ሻጭ ምክንያት አለው።

መልስ፦ ባለ ኤሌክትሪክ

የእኔ አዲስ መኪና ላይ የደረሰ ቢሆንም ነገሩ አንድ ስለሆነ ላካፍል። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ በኋላ፣ እንደ ብዙው ሰው እኔም ወደ ኤሌክትሪክ ዞርኩና ከአንድ አስመጪ “ጅቡቲ ደርሷል” የተባለ መኪና በግማሽ ክፍያ ያዝኩ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ተደርጎ ዶላሩ ከ57 ብር አካባቢ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ሲያልፍ፣ አስመጪው የእኔ ተራ “ለሌላ ደንበኛ ተላልፏል” አለኝ፤ በአዲሱ ዋጋ ከከፈልኩ ግን መኪናው ተመልሶ ይገኛል። ያኔ ውሌን ሳነበው የመኪናው ዓይነትና ቀለም እንጂ የሻንሲ ቁጥር (መኪናው አካል ላይ የሚመታው መለያ ቁጥር) የለውም። ተመሳሳይ አሥር መኪና ካስገባ የትኛው የእኔ እንደሆነ በምን ልከራከር? ጓደኛዬ ከዚያው አስመጪ ሲገዛ የሻንሲ ቁጥሩን ከጉምሩክ ዲክላራሲዮኑ ላይ አይቶ ውሉ ውስጥ አስገብቶ ስለነበር በድሮው ዋጋ ተረከበ። እኔ ጨምሬ ከፈልኩ።

መልስ፦ የቀድሞ ደላላ

ወንድሜ ያሉት በአሮጌ መኪናም ይሠራል። ሰሌዳ ብቻ አይበቃም፤ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ሊብሬው ላይ አይቶ፣ ከዚያ ኮፈኑን ከፍቶ መኪናው ላይ ከተመታው ጋር ማስተያየት ግድ ነው። ሊብሬው በባንክ ከተያዘ ወይም ፍርድ ቤት ያሳገደው ከሆነ ደግሞ ቀብድ ቢያስይዙም ስም አይዞርም። ይህን ለማጣራት ባለቤቱን ወይም ወኪሉን ይዞ ፋይሉ ወዳለበት የአሽከርካሪና ተሽከርካሪ ባለሥልጣን ቅርንጫፍ መሄድ ነው። ግማሽ ቀን ያስቃጥላል።

የሳሪሷ መምህርት

ትናንት ወንድሜ እንደተመከርኩት ሲደውል “አለ፤ 1 ሚሊዮን 920 ነው” አሉት። ዛሬ ሁለታችንም ሄድን። የሽያጩን ውል እንዲያሳዩኝ ስጠይቅ ሠራተኛው ብዙ ተናገረ፣ ሥራ አስኪያጁ ግን የሊብሬውን ቅጂ አወጣ። ባለቤቱ የሚኖረው ቨርጂኒያ ሲሆን የሚሸጠው ታናሽ ወንድሙ በውክልና ነው። የወኪሉን ስልክ ሰጥተውኝ ሳነጋግረው፣ ስለ እኔ ቀብድ ማንም እንዳልነገረው፣ ሌላ ገዢ ከፍ ያለ ዋጋ እንዳቀረበና ገና እንዳልተፈራረሙ በትሕትና አስረዳኝ። ሰውዬው ላይ ልቆጣ አልቻልኩም። ሥራ አስኪያጁ 50 ሺሁን አሁኑኑ ልመልስልሽ አለኝ፤ ስለ እጥፉ ስነግረው ሳቀ።

መልስ፦ የሕግ ባለሙያ

ይሳቅ። በቃል ከመከራከር ይልቅ ቀኑን፣ የደረሰኙን ቁጥር፣ የገንዘቡን መጠንና የቁጥር 1885ን ይዘት ጠቅሰው በአንድ ገጽ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይስጡት፤ ለመልስም አሥር ቀን ይወስኑለት። ሁለት ቅጂ አዘጋጅተው በእርስዎ ቅጂ ላይ ተቀባዩ እንዲፈርም ያድርጉ፤ አልፈርምም ካለ ሁለት ምስክር ባለበት ያስቀምጡለት።

የወኪሉ ንግግር የሚያሳየው አንድ ነገር አለ፤ መሸጫው ከባለቤቱ ሥልጣን ሳይቀበል ቀብድ ተቀብሎ ከሆነ፣ ዕዳው ከቨርጂኒያው ሰው ይልቅ ወደ መሸጫው ያጋድላል። ይህን መኪና ወደፊት የሚገዛ ሌላ ሰውም ካለ ልብ ይበል፤ በውጭ አገር የተሰጠ ውክልና በኤምባሲ ወይም በቆንስላ ተረጋግጦ፣ እዚህ ደግሞ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር በኩል ማለፍ አለበት፤ ውስጡም መሸጥን በግልጽ የሚፈቅድ መሆን ይኖርበታል። መኪና ማስተዳደር የሚል ውክልና ለሽያጭ አይበቃም።

መልስ፦ ነገር የሰለቸው

50 ሺሁን ተቀብለው ቢሄዱ ምን ነበረበት? ለ50 ሺህ ብር ብለው ከማስተማር ሥራዎ እየቀሩ ፍርድ ቤት ሊመላለሱ ነው። እኔ በ30 ሺህ ብር ጉዳይ ሁለት ዓመት ቆሜያለሁ፤ የታክሲው ብቻ ስንት እንደሆነ አልነግራችሁም።

መልስ፦ የሕግ ባለሙያ

ወንድሜ የተናገሩት ተገቢ ስጋት ነው፤ ለዚህም ነው ክስ ሳይሆን ማስጠንቀቂያ ያልኩት። መሸጫው በስሙ የሚኖር ስለሆነ ማኅተሙ ያረፈበት ደረሰኝ ፍርድ ቤት ሲገለጥ ማየት አይፈልግም።

የሳሪሷ መምህርት

ውጤቱን ልነግራችሁ ቃል ስለገባሁ ተመልሻለሁ። ደብዳቤውን በሰጠሁ በአራተኛው ቀን ሥራ አስኪያጁ ራሱ ደወለ፤ 50 ሺሁንና በተጨማሪ 30 ሺህ ብር ሊከፍለኝ፣ እኔም “ከዚህ በኋላ የምጠይቀው የለም” ብዬ ልፈርም ጠየቀኝ። እጥፉ ባይሞላም የአቶ ሰለቸውን ምክር አስቤ ተስማማሁ። መሸጫው ቢሮ ስደርስ ወረቀቱ ተተይቦ፣ እስክርቢቶውም ተከፍቶ ጠበቀኝ፤ እኔ ግን ስልኬን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ የባንኩ መልእክት እስኪገባ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። ሃያ ደቂቃ ያህል ፈጀ። 80 ሺሁ መግባቱን ካየሁ በኋላ ፈረምኩ።

ብርማዋ ቪትዝ አሁንም በሩ ላይ ናት። ሌላው ገዢ መካኒክ ይዞ መጥቶ የሻንጣውን ምንጣፍ ካነሳ በኋላ አልተመለሰም አሉኝ።