ማትያስ ሲንደላር፦ ለናዚዎች ያልተንበረከከ አጥቂ ወይስ በሰው መከራ የተጠቀመ ባለ ቡና ቤት?

ክርክር ከፋች፦ ትናንት በጠብ የተቋረጠውን እዚህ እንጨርሰው። (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ኦስትሪያዊው አጥቂ ሲንደላር «ናዚን የተቃወመ ጀግና» መባሉ ይገባዋል? እኔ ይገባዋል ባይ ነኝ። ኤፕሪል 3 ቀን 1938፣ ጀርመን ኦስትሪያን ከዋጠች ሦስት ሳምንት ቢሆን ነው፣ የሁለቱ አገሮች ብሔራዊ ቡድኖች በቪየናው ፕራተር ስታዲየም «የውህደት ጨዋታ» አደረጉ። ባለሥልጣናቱ አቻ ውጤት ይሻሉ ይባል ነበር። ሲንደላር እስከ እረፍት ያገኘውን ዕድል ሁሉ አባከነ፤ ከእረፍት በኋላ ግን አገባ። ካርል ሴስታ ከሩቅ ቅጣት ምት ደገመ፤ 2 ለ 0። ከዚያ ወዲያ ለጀርመን ተሰለፍ ሲሉት እምቢ አለ። ሌላ ምን ያድርግ?

ተጠራጣሪው፦ ግቡን ከተረቱ እንለይ እንጂ ወንድሜ። ግቡ እውነት ነው። ግብ ካገባ በኋላ በናዚ የክብር እንግዶች ፊት ጨፈረ የሚባለው ግን እየተወራ ያደገ ወግ ነው። «እምቢ አለ» ለሚለውም፣ ሰውየው 35 ዓመቱ ነበር፤ ጉልበቱ ከወጣትነቱ ጀምሮ የተጎዳ፣ በፋሻ አስሮ የሚጫወት። በዚያ ዕድሜ የዓለም ዋንጫ ይቅርብኝ ቢል ጉልበቱ ይሁን ልቡ የከለከለው በምን እናውቃለን?

የድሮ ኳስ ወዳጅ፦ ኳሱንማ ረሳችሁት! ከሞራቪያ የመጣ የግንበኛ ልጅ ነው፤ አባቱ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ሞቶበት በቪየና የሠራተኞች ሰፈር በፋቮሪተን ያደገ። ከቅጥነቱ የተነሣ «የወረቀቱ ሰው» አሉት። ግብ ጠባቂው ፊት ተገትሮ ኳስ የሚጠብቅ አጥቂ አልነበረም፤ ወደ ኋላ ተመልሶ ይቀበላል፣ ተከላካዩ ልከተለው ወይስ ልተወው እያለ ሲያመነታ ኳሷ አልፋዋለች። በ1931 ኦስትሪያ በሁጎ ማይዝል አሰልጣኝነት ስኮትላንድን 5 ለ 0፣ ጀርመንን በራሷ ሜዳ በርሊን ላይ 6 ለ 0 ስታሸንፍ መሐሉ ላይ እርሱ ነበር። በ1934 የዓለም ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ በጣሊያን 1 ለ 0 ተሸነፉ እንጂ ዋንጫው የእነርሱ ነበር፤ ይህን ማንም አያስለውጠኝም።

ከቪየና፦ አባባ፣ ኳሱን ማንም አልካደም። እኔ የምለው ስለ ቡና ቤቱ ነው። በዚያው በ1938 አይሁዳውያን ንብረታቸውን እንዲለቁ ሲገደዱ፣ ሲንደላር በፋቮሪተን የነበረውን የሊዮፖልድ ድሪልን ቡና ቤት በ20,000 ራይሽማርክ ገዛ። ድሪል ቴሬዚንሽታት ወደሚባለው የናዚዎች የአይሁዳውያን ማጎሪያ ተጋዘ፤ እዚያው ሞተ። ደጋፊዎቹ «ተገቢ ዋጋ ከፍሏል» ይላሉ። ሻጩ አልሸጥም የማለት መብት ከሌለው የምን ተገቢ ዋጋ?

ክርክር ከፋች፦ እርሱ ባይገዛው የፓርቲው ሰው ይወስደው ነበር። የናዚዎቹ ምስጢራዊ ፖሊስ ጌስታፖ ራሱ «የአይሁድ ወዳጅ» ብሎ መዝግቦታል። የክለቡ የኦስትሪያ ቪየና ፕሬዝዳንት ኤማኑኤል ሽቫርዝ በአይሁዳዊነታቸው ከሥልጣን ሲነሡና ተጫዋቾቹ ሰላም እንዳይሏቸው ሲከለከሉ፣ ሲንደላር ግን ሰላምታዬን አልነፍግዎትም እንዳላቸው ይነገራል።

ከቪየና፦ ሊሆን ይችላል። ሰው ለአንዱ ባርኔጣውን አንሥቶ የሌላውን ቁልፍ ሊቀበል ይችላል።

የድሮ ኳስ ወዳጅ፦ አሟሟቱስ? ጃንዋሪ 23 ቀን 1939 ቤት ውስጥ ሞቶ ተገኘ፤ አብራው የነበረችው ካሚላ ካስታኞላም አልተረፈችም። ገድለውት ቢሆንስ?

ተጠራጣሪው፦ ፖሊስ በካርቦን ሞኖክሳይድ ታፍኖ ነው ብሏል። ገደሉት የሚልም፣ ራሱን አጠፋ የሚልም አለ፤ ማስረጃ ያመጣ ግን የለም። ሰው ጀግናው በተበላሸ ጭስ ማውጫ እንዲሞትበት አይወድም።

ክርክር ከፋች፦ እሺ፣ «ጀግና» የምትለዋን ላንሣ። ያቺን ግብ ግን አትንኩብኝ።

ከቪየና፦ ግቧ ትቆይህ። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ፤ ስለ ሲንደላር ይህን ሁሉ ዓመት ስታወራ ድሪል የሚባል ስም ሰምተህ ታውቃለህ?

ክርክር ከፋች፦ ዛሬ ገና ከአንተ ሰማሁ።